ለአደን ጉዞ የሚሆን አስተማማኝና ምቹ መኪና የቱ ነው? ከሱሉልታ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት መልሶች

የመክፈቻ ጽሑፍ

ነዋሪነቴ ሱሉልታ ነው። ሕጋዊ ፈቃድ ይዘን፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር፣ ቆቅ ለማደን አልፎ አልፎ ወደ ገጠር እንወጣለን። ከሦስታችን አንደኛው ዕድሜው የገፋና የወገብ ዲስክ ሕመም ያለበት ነው። መንገዳችን አብዛኛው አስፋልት ነው፤ በጫንጮ አድርገን ሙከጡሪ እንደርስና ወደ ለሚ በሚወስደው መንገድ ታጥፈን የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በጥርጊያ መንገድ፣ አንዳንዴም መንገድ በሌለበት ሜዳ እንነዳለን። በሰበታ በኩል ወደ በቾ ሜዳ የምንወርድበት ጊዜም አለ። አሁን ያገለገለ ባለ ፎር ዊል መኪና ልገዛ ስለተነሣሁ፣ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ፣ ፕራዶ፣ ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ወይስ ላዳ ኒቫ ይሻላል ብዬ በአንድ የኢንተርኔት የውይይት ክር (ጥያቄና መልስ ተከታትሎ በሚጻፍበት ገጽ) ላይ ጠየቅሁ። የምፈልገው መንገድ ላይ የማያስቀር፣ የሰውንም ወገብ የማይሰብር መኪና ነው፤ ሁለቱ ጠባዮች በአንድ መኪና ይገኙ እንደሆነ ደግሞ እጠራጠር ነበር። መልሶቹን ከነተራ ቁጥራቸው ከዚህ በታች አቀርባለሁ፤ ተደጋጋሚ የሆኑትን ግን አጣምሬ አልፋቸዋለሁ።

መልስ 1። ቅድሚያውን የወሰዱት የሆለታ ነዋሪ የሆኑ አንድ አባት ናቸው። ሰላምታቸውን ከነምርቃቱ አስቀድመው፣ ያለ አንዳች ማመንታት ሃርድቶፕ እንድገዛ መከሩኝ። የ70 ተከታታይ የሚባለው ላንድክሩዘር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሠረቱ ሳይለወጥ ሲሠራ መቆየቱን፣ ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው ባለ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ደግሞ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የማያውቅ መሆኑን አስረዱ። የናፍጣ ፓምፑ ሜካኒካል ስለሆነ ከገጠር በርሜል የተቀዳ ናፍጣ ቢጠጣም ቶሎ አያኮርፍም፤ ቢቆም እንኳ የወረዳ ከተማ መካኒክ መፍቻ ይዞ መጥቶ ያስነሣዋል ነው የሚሉት።

መልስ 2። የእሳቸውን ሐሳብ ደግፎ፣ ለዚህ መኪና መለዋወጫ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ሳይወርዱ በየመንገዱ ዳር እንደሚገኝ ጨመረ። ከዚህ ያለፈ ነገር የለውም።

መልስ 3። ከሰንዳፋ የጻፈ ሰው አክብሮቱን ሳያጓድል ሁለት እርማት አቀረበ። አንደኛ፣ ያ ሞተር ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱንም በዚያው መጠን ያጣል፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚህም ከፍ ትላለች። ስለዚህ ሰውና ዕቃ ጭኖ ከጀማ ሸለቆ ሽቅብ ሲመለስ በሁለተኛ ማርሽ ማቃሰቱ አይቀርም። ሁለተኛ፣ የድሮው ሃርድቶፕ ከፊትም ከኋላም በባልስትራ (በተደራረበ የብረት ዝርግ) የቆመ ነው፤ ከፊት ሞላ (ለስላሳው የተጠማዘዘ ሽቦ) የገባለት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኋላው ባልስትራ ግን እስከ ዛሬ አለ። ከኋላ ትይዩ የሆኑት አግዳሚ ወንበሮች ለዲስክ ሕመምተኛ ቅጣት ናቸው ሲል ደመደመ። እኔ በበኩሌ የክሩ ቁም ነገር የተጀመረው እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ከዚህ በፊት የተጻፈው ስለ መኪናው ብቻ ነበር፣ ሰንዳፋው ግን ስለ መንገዱና ስለ ተሳፋሪው አነሣ።

መልስ 4። በ1996 እና በ2002 እ.ኤ.አ. መካከል የተሠራው ባለ አምስት በር ፕራዶ ያለው ሰው ከቡራዩ ሰፊ መልስ ጻፈ። መኪናው በአራቱም ጎማ ላይ ሞላ ስላለው አስፋልት ላይ እንደ ቤት መኪና እንደሚሄድ፣ አራቱም ጎማዎች ዘወትር ጉልበት ስለሚያገኙ ዝናብ በመታው ኩርባ ላይ እንደማይንሸራተት፣ ጭቃ ሲመጣ ደግሞ የመካከለኛውን ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን) በማርሽ ዘንጉ ቆልፎ እንደሚያልፍ ገለጸ። ነገር ግን ዋናውን ድክመት አልሸሸገም። ባለ 3 ሊትሩ የመጀመሪያ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር ሙቀት አይችልም፤ ውሃ ጎድሎ አንዴ ከፈላ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይሰነጠቃል። የእሱ መኪና እንጦጦን ሽቅብ ሲወጣ የሙቀት መርፌው ከፍ ማለት ሲጀምር ትንሽ ልታገሥ ብሎ ቀጠለ፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ፣ የመጠባበቂያው የውሃ ዕቃም ይንተከተክ ነበር። ቴስታታውን ከነጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ከሚነጠፈው ማሸጊያ ጋር) ለመቀየር የወጣውን ወጪ ሲያስታውስ ዛሬም ያመዋል። ከዚያ ወዲህ ራዲያተሩን አሳጥቦ፣ የውሃ ፓምፑንና ቴርሞስታቱን አስቀይሮ፣ በየጉዞው ዋዜማ ውሃውን እያየ ይነዳዋል፤ ሌላ ችግር አላየም።

መልስ 5። ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ የመጣው ሌላው ባለ 3 ሊትር ሞተር በቴስታታ ረገድ እንደሚሻል፣ ይሁን እንጂ ኢንጀክተሮቹ (ናፍጣ ረጪዎቹ) ቆሻሻ ናፍጣ እንደማይወዱ፣ ዋጋቸውም እንደማይቀመስ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስታወቀ።

መልስ 6። የሃይሉክስ ባለቤት ነው። ባዶውን ሲሄድ የኋላ ባልስትራው እንደሚያዘልለው አልካደም፤ መፍትሔው በካሶኑ ውስጥ አሸዋ የሞላ ጆንያ መጫን ነው ይላል። ወገቡን የሚያመው ጓደኛችን ከፊት ቢቀመጥ ምንም እንደማይሆን አከለ። ጠመንጃና ምግብ ከካሶኑ ላይ ቢጫን በጥርጊያ መንገድ አቧራ ምን እንደሚሆን ግን አልነገረንም።

መልስ 7። የላዳ ኒቫ ወዳጅ መጣ። ኒቫ በ1977 እ.ኤ.አ. ለሩሲያ ገጠር ተብሎ ሲወጣ ጀምሮ ዘወትር በአራት ጎማ የሚሄድ፣ ከአራቱም ጎማ ላይ ሞላ ያለው፣ ክብደቱም ከሃርድቶፑ ግማሽ እምብዛም የማይበልጥ መኪና መሆኑን ዘረዘረ። ተፍኪ አካባቢ አንድ ትልቅ መኪና እስከ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጥንት) ተቀብሮ ትራክተር ሲጠብቅ፣ እሱ በጎኑ አልፎ እጁን አውለብልቦ እንደሄደ ተረከ። የባለ ትልቅ መኪናዎችን ሞራል የነካው ይህ ማውለብለቡ ሳይሆን አይቀርም።

መልስ 8። ምክንያቱም ወዲያው የመጣው መልስ ጨዋነቱን ጥሎ ነው። ኒቫ ውስጥ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ጆሮው ስለሚደነቁር ቆቅ ከእግሩ ሥር ብትነሣም አይሰማትም አለ፤ የበሩ መዝጊያ፣ የካምቢዮው ጩኸት፣ የቤንዚን ፍጆታው አንድ በአንድ ተነሡ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ ይባባሉ ነበር፤ ከዚህ በኋላ አንተ መባባል ተጀመረ።

መልስ 9። ከለገጣፎ የጻፈች ሴት ነገሩን ለማብረድ ሱዙኪ ጂምኒን አስታወሰች። እስከ 2018 እ.ኤ.አ. የተሠራው ባለ 1.3 ሊትር ጂምኒ ሻንሲ ያለው፣ የፊትም የኋላም አክስሉ ወጥ የሆነ እውነተኛ የገጠር መኪና ነው፤ አንድ ቶን ከምናምን ብቻ ስለሚመዝን ትልቁ በሚሰምጥበት ላይ ይንሳፈፋል። ለሦስት ትልልቅ ሰዎች ከነጠመንጃቸውና ከነስንቃቸው እንደሚጠብ ግን ራሷው አልደበቀችም። በዚህ ክር ውስጥ የመኪናዋን ጉድለት ሳትጠየቅ ከተናገሩት አንዷ እሷ ናት።

መልስ 10፣ 11 እና 12። እነዚህ ስለ ጎማ ናቸው፤ እኔንም ከሁሉ የበለጠ የጠቀሙኝ እነሱ ናቸው። 10ኛው መላሽ ጠባብ ጎማ ግዛ፣ ጭቃውን ቆርጦ ወደ ደረቁ መሬት ይወርዳል የሚለውን የታወቀ ምክር አቀረበ። 11ኛው፣ ቱሉ ቦሎ ያደገ ሰው፣ ይህ ምክር ከሥሩ ጠጠር ወይም ድንጋይ ላለው መሬት እንጂ ለመረሬ እንደማይሠራ በቁጣ ጻፈ። መረሬ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጠባቡ ጎማ ቆርጦ የሚደርስበት ደረቅ ወለል በቅርብ የለውም። ጎማው ገና አንድ ሁለት ዙር እንደዞረ ጭቃው በጥርሶቹ መካከል ይሞላና ጎማው እንደ ተወለወለ ምጣድ ይሆናል፤ ቀጥሎ ጭቃው በመከላከያው ውስጥ እየተጠቀጠቀ ጎማውን ራሱን አንቆ ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ ነዳጅ መርገጥ ጉድጓዱን ማስፋት ነው። እሱ የሚለው ጥርሱ ተራርቆ የቆመ ጎማ ገዝቶ፣ ጭቃው ዘንድ ከመድረስ በፊት ነፋሱን ወደ 20 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ) አውርዶ፣ በዝቅተኛው ማርሽ ሳይቆሙ በዝግታ ማለፍ ነው። 12ኛው መላሽ ይህንን ተቀብሎ፣ አስፋልቱ ላይ ከመመለስ በፊት ነፋሱን የሚሞላ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ከሌለ ጎማውን ማስተንፈስ ራሱ አደጋ መሆኑን አሳሰበ፤ የተንፈሰሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይሞቅና ይፈነዳል፣ ጎሚስታ ደግሞ በየሜዳው አይገኝም። አብዛኛው መንገዱ አስፋልት ለሆነ ሰው ሙሉ የጭቃ ጎማ ጩኸቱም ፍሬን ሲያዝ መንሸራተቱም ስለሚያስቸግር፣ ለሁሉም መንገድ የሚሆነው መካከለኛው ጎማ እንደሚበቃ የተስማሙት በዚህ ነው።

መልስ 13። ሃርድቶፑን ለሚገዛ ሰው የቀረበ ማሳሰቢያ ነው። በድሮዎቹ ላይ የፊት ጎማው እምብርት ላይ ያለው መቆለፊያ በእጅ ካልተጠመዘዘ የፎር ዊሉ ዘንግ ቢገባም የፊት ጎማ አይዞርም። መላሹ በአንድ ማለዳ ይህንን ረስቶ ጭቃ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ አዲስ ጫማውን አድርጎ እስከ ጉልበቱ ሰምጦ፣ በጭቃ የተሸፈነውን መቆለፊያ በጣቱ እየዳበሰ ፈለገ። ጭቃው ከመጀመሩ በፊት ወርዶ መቆለፍን የተማረው ያን ቀን ነው። በዘንግ ብቻ የሚገባ ፎር ዊል ያለውም ቢሆን በደረቅ አስፋልት ላይ እንዳያስገባ፣ ጎማዎቹ እኩል ስለማይዞሩ ካምቢዮና ዘንግ እንደሚሰብር አስጠነቀቀ።

መልስ 14። የክሩ ድምፀት ከሁሉ የጠነከረው እዚህ ላይ ነው። የበቾ ገበሬ ልጅ መሆኑን የገለጸ ወጣት፣ ስለ ጎማ ስትከራከሩ በማን ማሳ ላይ እንደምትነዱ አንዳችሁ አልጠየቃችሁም ሲል ሁላችንንም ወቀሰ። መስከረም ላይ ከመንገድ ሲያዩት ባዶ የሚመስለው ጥቁር መሬት ባዶ አይደለም፤ ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ፣ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው። አንድ መኪና በዚያ ላይ ሲያልፍ ዘሩን ብቻ ሳይሆን አፈሩን ጠቅጥቆ ለዓመቱ ያበላሸዋል፤ ባለ መኪናውም ከሰመጠ የገበሬውን በሬ ለምኖ ይወጣል። ቃሉ መራራ ነበር፤ እውነትነቱን ግን የተከራከረው የለም።

መልስ 15። እኔ ነኝ የመለስሁት። ለወጣቱ ተግሣጹን አመስግኜ፣ የምንወጣው ከጥቅምት በኋላ፣ በተለይም ጤፍ ታጭዶ ቆቆች ወደ ቃርሚያው በሚወጡበት ወቅት እንደሆነ፣ መኪናውንም መንገድ ዳር አቁመን በእግር እንደምንገባ አስረዳሁ። ይህን ስጽፍ ነገሩ ለራሴም ጠራልኝ፤ በነሐሴ መረሬ ላይ የማልነዳ ከሆነ፣ ለነሐሴ መረሬ የሚሆን መኪና መግዛት አያስፈልገኝም።

መልስ 16። የሕግ ባለሙያ ይመስላሉ። ከመኪናው በፊት ወረቀቱ እንዲቀድም፣ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን እንደሚከለክል፣ ጠመንጃውም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባ አስታወሱ። በጉዞ ላይ ጠመንጃው ጥይቱ ወጥቶ በማኅደሩ ውስጥ፣ ጥይቱም ለብቻው በተቆለፈ ሳጥን እንዲቀመጥ፣ ለዚህም ካሶኑ ክፍት የሆነ መኪና እንደማይመች ጠቆሙ። በመልስ 6 የተረሳው ጉዳይ በዚህ ተሟላ።

መልስ 17 እና 18። አንዲት ተሳታፊ፣ አገራችን የምኒልክ ድኩላንና የደጋ አጋዘንን የመሰለ በሌላ ዓለም የሌለ ሀብት ይዛ ስለ ማደኛ መኪና መማከር ያሳፍራል አለች፤ ከጠመንጃ ይልቅ ካሜራ ይዘን ወደ መናገሻ ሱባ ደን እንድንሄድም ጋበዘችን። ቀጥሎ የመለሰላት ሰው ስለ ቆቅና ስለ ደጋ አጋዘን አንድ ላይ መናገር ተገቢ አይደለም ብሎ ተቆጣ። ክርክሩ የሚናቅ ባይሆንም ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል። ለካሜራም ቢሆን ግን ያው መንገድ፣ ያው መኪና ነው የሚያስፈልገው።

መልስ 19 እና 20። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ከተነገረ ወዲህ በየክሩ የማይቀረው የኤሌክትሪክ መኪና እዚህም ደረሰ። 19ኛው መላሽ ተሣቀበት፤ የተናገረው ግን ከንቱ አልነበረም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም፣ ድምፅ ስለሌለውም አውሬ አያስደነግጥም። 20ኛው የባትሪው ሣጥን ከወለሉ ሥር መሆኑን፣ ከጥርጊያ መንገዱ መካከል የሚቆም አንድ ድንጋይ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ሊበላ እንደሚችል፣ ለሚ ደርሶ የት ቻርጅ እንደሚደረግም ጠየቀ። መልስ አላገኘም።

መልስ 21። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለው ያገለገለ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ዋጋው እንጂ ዕድሜው እንደማይነሣ በምሬት ገለጸ። ደላላ የሚናገረውን የምርት ዘመን ትቶ ሊብሬውን ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ማስተያየትን መከረ።

መልስ 22። የወገብ ሕመምተኛ የሆኑ ሰው ከሰበታ የሰጡት ምክር አጭር ቢሆንም ከብዙዎቹ ይመዝናል። ወገብን የሚጎዳው የመኪናው ስም ሳይሆን ያለቀ አሞርዛተር (የመኪናውን መንጠር የሚያበርደው ዕቃ)፣ ከልክ በላይ የተነፋ ጎማና ስፖንጁ የወደቀ ወንበር ነው። ሃርድቶፕን አሞርዛተሩንና ወንበሩን ቀይረው በምቾት የሚነዱ እንዳሉ ሁሉ፣ አሞርዛተሩ የሞተ ፕራዶ ውስጥ ተቀምጠው ያለቀሱም አሉ። ሕመምተኛው ከፊት ወንበር፣ በየአንድ ሰዓቱ ወርዶ እየተንቀሳቀሰ ይጓዝ።

መልስ 23። ስለ ማውጫ ዕቃዎች ነበር። አካፋ፣ ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ፣ ክሪኩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ። ገመዱ ከሻንሲው መንጠቆ ላይ እንጂ ከመከላከያው ላይ መታሰር እንደሌለበት፣ ሲጎተትም ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ እንዲርቅ በብርቱ አሳሰበ፤ ተበጥሶ የሚመለስ ገመድ ሰው ይገድላል።

መልስ 24። ውሳኔዬን አሳወቅሁ። ሦስት ሰዎች ነን፣ አንዳችን ሕመምተኛ ነን፣ መንገዳችን በአብዛኛው አስፋልት ነው፣ የምንወጣውም በበጋ ነው። ስለዚህ ባለ አምስት በሩን ፕራዶ፣ ከተቻለም በመልስ 5 የተጠቀሰው በኋላ የመጣው ሞተር ያለውን እፈልጋለሁ፤ ለሃርድቶፕ ልከፍለው ከነበረው የሚተርፈውን ገንዘብ ለአራት አዲስ ጎማና ለአራት አሞርዛተር አውለዋለሁ። መለዋወጫው እንደ ሃርድቶፑ በየጥጉ ባይገኝም፣ የምሄድበት ቦታ ከአዲስ አበባ በግማሽ ቀን የሚደረስ እንጂ ቦረና ወይም አፋር አይደለም።

መልስ 25። የሆለታው አባት ሳይቀየሙ፣ ነገር ግን ሳይረቱ ተመለሱ። ፕራዶው እንጦጦ ላይ ሲፈላ እንድደውልላቸው፣ በሃርድቶፓቸው መጥተው እንደሚጎትቱኝ ቃል ገቡ። የቡራዩው ባለ ፕራዶ ሣቀ፣ የኒቫው ሰውም እሱ ቀድሞ እንደሚደርስ ጻፈ።

መልስ 26። የመጨረሻው ጠቃሚ መልስ ከአንድ የአቃቂ መካኒክ የመጣ ነው። መኪናውን ለማየት የምሄደው በማለዳ እንዲሆን፣ ለሻጩም ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሣ በስልክ እንዳስጠነቅቀው፣ ስደርስም መጀመሪያ መዳፌን ኮፈኑ ላይ እንዳሳርፍ ነገረኝ፤ ኮፈኑ ሞቅ ካለ ሻጩ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ በውሃው ላይ ዘይት መንሳፈፉን ማየት፣ ከዚያ ክዳኑን ሳይገጥሙ አስነሥቶ የማያቋርጥ አረፋ መውጣቱን መመልከት፤ ካለ ቴስታታው ወይም ጓርኒሲዮኑ ሄዷል። ሻንሲውን ከኋላ ጎማዎቹ በላይ በባትሪ መብራት አይቶ ብየዳና ዝገት መፈለግ። የመካከለኛውን ዲፈረንሻል መቆለፊያ አስፋልት ላይ ሳይሆን አፈር ላይ ሞክሮ፣ መብራቱ በዳሽቦርዱ ላይ በርቶ መጥፋቱን ማረጋገጥ። ለዚህ ሁሉ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ስጠይቀው፣ ቀኑ እሑድ ካልሆነ አብሮኝ መጥቶ እንደሚያየው፣ ሒሳቡን ደግሞ መኪናውን ካየ በኋላ እንደምንነጋገር መለሰልኝ።